30 ዋት የቲዩብ ቤዝ አምፕ ለመድረክ ይበቃል?

ቲዩብ ቤዝ አምፕሊፋየር (የቤዝ ጊታርን ድምፅ ቲዩብ በሚባሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ መሣሪያ፣ በአጭሩ አምፕ) ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ቦታ ላይ ማመንታቱ አይቀርም። ድምፁን ሰምቶ ወዶታል። ወፍራም ነው፣ ሙቀት አለው፣ ሲገፉት ያጉረመርማል። ከዚያ አዙሮ ጀርባውን ሲያይ 30 ዋት ይላል። አጠገቡ ያለው፣ በአንድ እጅ የሚነሳው ትራንዚስተር አምፕ ደግሞ 500 ዋት ተጽፎበታል። «ታዲያ ይሄ 30 ዋት ከድራም ጋር ይሰማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

መልሴን ላስቀድም። ጥሩ የስፒከር ሳጥን ላይ ከተሰካ፣ ድራመሩ እጁን የሚቆጣጠር ከሆነ፣ እናንተም ፍጹም ጥርት ያለ ድምፅ ካልፈለጋችሁ፣ ከ30 እስከ 50 ዋት ያለው ቲዩብ አምፕ ትንንሽ መድረኮችን ይወጣል። 100 ዋት ከሆነ አብዛኛውን ሥራ ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን መልሱ ወዲያው ይቀየራል። ለምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ፊዚክስ ያስፈልጋል። ከባድ አይደለም፣ አትሽሹ።

ዋት የድምፅ መጠን አይደለም

ዋት አምፑ ወደ ስፒከሩ የሚልከውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይለካል። ጆሯችን የሚሰማው ስፒከሩ የሚገፋውን አየር ነው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ብክነት አለ። የተለመደ የቤዝ ስፒከር ከተሰጠው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ 2 ወይም 3 እጁን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

የድምፅ ግፊት የሚለካው በዴሲቤል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብትይዙ ይበቃል። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ 3 ዴሲቤል ይጨምራል። ኃይሉ 10 እጥፍ ሲሆን 10 ዴሲቤል ይጨምራል። ለአብዛኛው ሰው ጆሮ 3 ዴሲቤል «ትንሽ ከፍ አለ» የሚባል ልዩነት ነው። «እጥፍ ሆነ» የሚያሰኘው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጠጋ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ብትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው። ሰው እነዚህን ሁለት አምፖች ሲያወዳድር የአንዱ ጉልበት የሌላው እጥፍ ይመስለዋል፤ መድረክ ላይ ግን ልዩነቱ ቁልፉን ጥቂት እንደማዞር ነው። 300 ዋቱ ከ30 ዋቱ 10 እጥፍ ኃይል አለው፣ ለጆሮ የሚሰማው ግን እጥፍ ያህል ነው። እጥፍ ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ባንዱ ውስጥ በመሰማትና ባለመሰማት መካከል ያለው ርቀት ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ብቻ ቁጥሩ የሚያስፈራራውን ያህል አይደለም።

ወሳኙ ሳጥኑ ነው

እያንዳንዱ ስፒከር ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለው። 1 ዋት ሲሰጠው፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይናገራል። ብዙ ሰው ዋቱን በቃሉ ይዞ ይህን ቁጥር ጭራሽ አይጠይቅም። እኔ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ማየት ይቻላል ብባል የማየው ይህንን ነው።

ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ። ባለ 8 ስፒከር የሆነው፣ እያንዳንዱ ስፒከር 10 ኢንች የሆነው፣ አምፔግ የተባለው የአምፕ ኩባንያ ትልቁ ሳጥን 100 ዴሲቤል ሴንሲቲቪቲ እንዳለው ይገለጻል። ባለ አንድ 12 ኢንች ስፒከር የሆነ ትንሽና ቀላል ሳጥን ደግሞ 93 ዴሲቤል አለው እንበል። ልዩነቱ 7 ዴሲቤል ነው። 7 ዴሲቤል በኃይል ሲተረጎም 5 እጥፍ ነው። ስለዚህ 30 ዋት አምፕ ትልቁ ሳጥን ላይ ሲሰካ፣ 150 ዋት አምፕ ትንሹ ሳጥን ላይ ተሰክቶ የሚያወጣውን ያህል ድምፅ ያወጣል። ሁለቱም 1 ሜትር ላይ ወደ 115 ዴሲቤል ይደርሳሉ።

በደንብ የሚመታ ድራመር አጠገቡ ከ100 ዴሲቤል በላይ ያወጣል። የምቱ ጫፍ ከዚያም ያልፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ 115 የሚበቃ ይመስላል። ግን ይህ አምፑ ያለው ሁሉ ወጥቶ ነው። ከስፒከሩ በራቅን ቁጥር ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልስ ጉዳቱ ያንሳል፤ አሁንም ግን ይቀንሳል።

ሁለተኛ ሳጥን መጨመር ከአምፕ መቀየር ይልቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ውሳኔ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሳጥኖችን አጠገብ ለአጠገብ ስታደርጉ፣ በዝቅተኛ (በወፍራም) ድምፆች ላይ ተደጋግፈው ይሠራሉ። ኃይሉ ሳይጨምር 3 ዴሲቤል ገደማ ታተርፋላችሁ። ማለትም 50 ዋቱ እንደ 100 ዋት ይሆናል።

እዚህ ላይ ቲዩብ አምፕ ከትራንዚስተሩ የሚለይበት ነገር አለ። ትራንዚስተር አምፕ የስፒከሩ ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ሲቀንስ ብዙ ኃይል ይሰጣል። በ4 ኦም 500 ዋት የሚሰጠው በ8 ኦም ወደ 300 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ባለ 8 ኦም ሳጥን የሚጫወት ሰው፣ አምፑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር በእጁ አላስገባም። ቲዩብ አምፕ ግን በውስጡ ቲዩቦቹን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኝ የውጤት ትራንስፎርመር አለው። ከጀርባው 4፣ 8፣ አንዳንዴም 16 ኦም የሚል መምረጫ ታገኛላችሁ። ከሳጥናችሁ ጋር በትክክል ካገጣጠማችሁት፣ በየትኛውም ቦታ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። 50 ዋት በ8 ኦምም በ4 ኦምም 50 ዋት ነው። 30 እና 500 የሚሉት ቁጥሮች መድረክ ላይ ሲወጡ የሚቀራረቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሳጥን ስትመርጡ የምትከፍሉት ዋጋ በመጠን ነው። ስፒከር ሠሪዎች የሆፍማን የብረት ሕግ የሚሉት ነገር አለ። አንድ ሳጥን ትንሽ መሆን፣ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣትና በትንሽ ኃይል ብዙ መጮህ ሦስቱንም አንድ ላይ አይችልም። ሁለቱን ስትመርጡ ሦስተኛው ይቀራል። ዘመናዊዎቹ ትንንሽ ሳጥኖች ትንሽነትንና ዝቅ ማለትን መርጠዋል። ስለዚህ ብዙ ዋት ይፈልጋሉ፤ የተሠሩትም ከትልልቅ ትራንዚስተር አምፖች ጋር እንዲውሉ ነው። 30 ዋት ቲዩብ አምፕ ከእንዲህ ዓይነት ሳጥን ጋር ተገናኝቶ «አይጮህም» ሲባል ስሰማ አዝናለሁ። ጥፋቱ የአምፑ አይደለም።

የቲዩብ ዋት ይበልጣል የሚባለው ነገር

«የቲዩብ 50 ዋት የትራንዚስተር 200 ዋት ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ዋት ዋት ነው፤ መለኪያው አይለወጥም። ሆኖም ይህ አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ከኋላው እውነተኛ ነገር አለ።

የቤዝ ክር ሲመታ መጀመሪያ ላይ አጭርና ከፍተኛ የድምፅ ጫፍ ይወጣል። ከዚያ ኖታው ወርዶ ይረጋጋል። ጫፉ ከተረጋጋው ድምፅ 10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ይህ በኃይል ሲሰላ 10 እጥፍ ነው። ጆሯችን የድምፅን መጠን የሚመዝነው ግን በአብዛኛው በተረጋጋው ክፍል ነው። እንግዲህ 500 ዋት ያለው አምፕ ጫፎቹን ሳይቆርጥ እንዲያሳልፍ ከተፈለገ፣ በአማካይ የሚሠራው በ50 ዋት አካባቢ ነው። የቀረው ኃይል ለጫፎቹ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው።

ትራንዚስተር አምፕ ከአቅሙ ሲያልፍ ጫፉን በድንገት ይቆርጠዋል። ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። ሰው ወዲያው ቁልፉን ይመልሳል። ቲዩብ አምፕ ግን ወደ አቅሙ ሲጠጋ ጫፉን ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። ያ ጉብጠት ተጨማሪ ሃርሞኒክ (ከኖታው በላይ አብረውት የሚሰሙ ቀጫጭን ድምፆች) ይፈጥራል፤ ጆሯችን ደግሞ እነዚህን ሃርሞኒኮች እንደ ውፍረትና ጉልበት ነው የሚቀበላቸው። ጫፉ ስለተጨቆነ የተረጋጋውን ክፍል ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከዚህም በላይ፣ 50 ዋት የሚለው ቁጥር የተለካው ድምፁ ንጹሕ በሆነበት ደረጃ ነው። ከዚያ አልፎ ሲገፋ፣ ሞገዱ ወደ አራት ማዕዘን ሲጠጋ፣ የሚወጣው ኃይል ወደ እጥፍ ሊቀርብ ይችላል።

ስለዚህ ትርፉ የሚገኘው አምፑን ስትገፉት ብቻ ነው። ይህ ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ድምፃችሁ በትንሹም ቢሆን እንዲያጉረመርም ከፈቀዳችሁ፣ ቲዩቡ ከቁጥሩ በላይ ይሠራላችኋል። ሮክ፣ ብሉዝ፣ ሶል፣ ፋንክ ሳይቀር ይህን ጉርምርምታ ይወዱታል፤ ከባንዱ ጋር ሲደባለቅ አድማጩ ዲስቶርሽን (የድምፅ መዛባት) መሆኑን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን በአውራ ጣት እየመታችሁ ጥርት ያለ ስላፕ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ወይም ባለ 5 ክር ቤዝ ይዛችሁ ንጹሕና ጥልቅ ድምፅ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ያ ትርፍ የለም። ያኔ 50 ዋት 50 ዋት ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ አጨዋወት ትልቁን ትራንዚስተር አምፕ ግዙ ብል አላፍርም። ሥራው የሚፈልገው እሱን ነው።

ዘመናዊ ትራንዚስተር አምፖችም ብዙዎቹ ሊሚተር አላቸው። ጫፎቹን ራሳቸው ይጨቁናሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ከድሮው ጠቧል። የድምፁ ባሕርይ ግን አሁንም አንድ አይደለም።

ዝቅተኛዎቹ ኖታዎች ኃይሉን ይበሉታል

የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኢ ክር 41 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ባለ 5 ክሩ ላይ ያለው ቢ 31 ኸርዝ ይሆናል። ጆሯችን ለእነዚህ ድግግሞሾች ደካማ ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ይህን በ1933 እ.ኤ.አ. በመስመር ስለው አሳይተዋል። 40 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ከ1000 ኸርዝ ድምፅ ጋር እኩል እንዲሰማ ከተፈለገ፣ እጅግ የበለጠ ግፊት ያስፈልገዋል። ስድስት ክር ያለው ጊታር በ30 ዋት ሰፈር ሲያስቸግር፣ ቤዙ በዚያው 30 ዋት የሚንገታገተው ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

በሌላ በኩል ደግሞ መልካም ዜና አለ። ቤዝን «ቤዝ» ብለን የምንሰማበት ጉልበት በአብዛኛው ያለው 41 ኸርዝ ላይ አይደለም። እጥፉ የሆነው 82 ኸርዝና ከዚያ በላይ ያሉት ሃርሞኒኮች ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። አንጎላችን ከሃርሞኒኮቹ ተነስቶ መሠረቱን ራሱ ይሞላዋል። ከላይ የጠቀስኩት የአምፔግ ትልቅ ሳጥን እንኳ በሙሉ ጉልበቱ የሚወርደው እስከ 58 ኸርዝ ነው። 40 ኸርዝ ላይ ሲደርስ 10 ዴሲቤል ወድቋል። ይህ የሮክ ቤዝ መለያ የሆነው ሳጥን ነው! ሰው ሁሉ ግዙፍ ነው የሚለው ድምፅ ከታችኛው ወለል ላይ ይህን ያህል ጎድሎት ነው።

አነስተኛ ቲዩብ አምፖች ላይ የውጤት ትራንስፎርመሩን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ዝቅተኛ ድምፅን በሙሉ ኃይል ለማሳለፍ ትራንስፎርመሩ ብዙ ብረት ሊኖረው ይገባል። ብረቱ ካነሰ ይጠግባል፣ ድምፁም ይላላል። 50 ዋት የተባለው አምፕ በ1000 ኸርዝ ተለክቶ ሊሆን ይችላል፤ 41 ኸርዝ ላይ ግን 50 ላይሰጥ ይችላል። ለቤዝ የተሠራ አምፕ ክብደቱ የሚከብደው በከንቱ አይደለም። ለጊታር በተሠራ 30 ዋት አምፕና ለቤዝ በተሠራ 30 ዋት አምፕ መካከል ያለው ልዩነትም በአብዛኛው ይህ ብረት ነው። የጊታር አምፕ ለቤዝ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ አምፑ አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በጊታር ስፒከሮቹ ላይ ነው። በቤዝ ሳጥን ተክታችሁ ሞክሩ።

ባስ የሚለውን ቁልፍ መክፈት ደግሞ ሌላው የኃይል ሌባ ነው። 6 ዴሲቤል ከጨመራችሁ በዚያ ድግግሞሽ ላይ 4 እጥፍ ኃይል ትጠይቃላችሁ። 30 ዋት ይዛችሁ ባሱን ጥግ ድረስ ካዞራችሁት፣ አምፑ የማይሰማ ነገር ለማውጣት ሲታገል የሚሰማው ክፍል ይታነቃል። ተቃራኒውን አድርጉ። ባሱን ትንሽ ቀንሱ፣ ሚድ (መካከለኛ ድምፅ) የሚለውን ክፈቱ። ከ250 እስከ 800 ኸርዝ ያለው አካባቢ ቤዙን ከጊታሩና ከድራሙ መሃል አውጥቶ ያሳያል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ይህ ድምፅ ቆንጆ ላይመስል ይችላል፤ ትንሽ ያንጋጋል። ባንዱ ሲገባ ግን ልኩን ያገኛል። ብቻን ሲጫወቱ የሚያምረው፣ ሚዱ የተቦረቦረው ድምፅ ባንዱ ሲጀምር የት እንደገባ አይታወቅም። ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ካላችሁ እሱንም ተጠቀሙ። ስፒከሩ በባዶ መወዛወዙን ያቆማል።

የድሮዎቹ እንዴት ቻሉ?

ፌንደር የተባለው የጊታር ኩባንያ ኤሌክትሪክ ቤዙን በ1951 አውጥቶ በዓመቱ ባስማን የተባለውን አምፕ አስከተለ። አንድ 15 ኢንች ስፒከርና 26 ዋት ገደማ ነበረው። በ1960 አምፔግ ቢ-15 የተባለውን አወጣ። አንድ 15 ኢንች ስፒከር፣ 25 ዋት። ራሱ አምፑ ሲፈለግ ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር። የሶል ቤዚስቶቹ ጄምስ ጄመርሰንና ዶናልድ ደክ ደን ስማቸው ከዚህ አምፕ ጋር አብሮ ይነሳል። የሶል ሙዚቃ ቤዝ ምን እንደሚመስል ዓለም የተማረው በእንደነዚህ ዓይነት አምፖች ነው።

25 ዋት ያኔ እንዴት በቃ? የቀረው ባንድ ስላልጮኸ ነው። የጊታር አምፖቹ ትንንሽ ነበሩ። ድራመሮቹ ከአዳራሹ ጋር ተስማምተው ይመቱ ነበር። ከዚያ ሕዝቡ በዛ፣ አዳራሹ ሰፋ። ቢትልስ በ1965 ኒውዮርክ በሚገኘው ሺ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ሰው ፊት ሲጫወቱ የያዙት ባለ 100 ዋት የቮክስ አምፖችን ነበር፤ የሕዝቡ ጩኸት ሸፈናቸው። ጊታሪስቶች ወደ 100 ዋት ሲሸጋገሩ ቤዙ መከተል ነበረበት። አምፔግ በ1969 ኤስቪቲ የተባለውን 300 ዋት ቲዩብ አምፕ ይዞ መጣ። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጉዟቸው ላይ ተጠቀሙበት። አምፑ ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ከሥሩ የሚቀመጠው ሳጥን ከ60 ኪሎ በላይ ነው።

እና 300 ዋት የመጣው ቤዝ በተፈጥሮው ስለሚፈልገው አይደለም። ቤዙን ለታዳሚው የሚያደርስ ሌላ መሣሪያ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ትልልቅ መድረኮች ላይ ቤዙ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል፣ በሳውንድ ሲስተሙ ትልልቅ ስፒከሮች ይወጣል። ከኋላችሁ ያለው አምፕ ለእናንተና ለድራመሩ መስሚያ ነው። በጣም የሚገርመው ነገር ይህ ነው፦ ትልቅ መድረክ ላይ ትንሽ አምፕ ይበቃል። የሚያስቸግረው ሳውንድ ሲስተሙ ለድምፃዊው ማይክ ብቻ የሆነበት መካከለኛ ቤት ነው። እዚያ ቤዙን ከአምፑ በስተቀር የሚሸከም የለም።

ስንት ዋት ለየትኛው ሥራ?

ከ15 እስከ 20 ዋት ለቀረጻና ለቤት ነው። ድራም ከሌለ ወይም ድራመሩ በብሩሽ ከተጫወተ መድረክም ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጥም።

30 እና 50 ዋት ላይ ነው ክርክሩ ሁሉ ያለው። 4 ስፒከር ካለው፣ ሴንሲቲቪቲው ከ97 ዴሲቤል በላይ ከሆነ ሳጥን ጋር፣ መጠነኛ ክፍል ውስጥ፣ እርስ በርሱ ከሚደማመጥ ባንድ ጋር ይሠራል። ሁለት ጊታሪስቶች ትልልቅ አምፕ ይዘው ከመጡ አይሠራም። በዚህ ኃይል ላይ ሁልጊዜም በአቅማችሁ ጣሪያ አጠገብ እንደምትጫወቱ እወቁ። ድምፃችሁ ያጉረመርማል፤ ባትፈልጉትም ያጉረመርማል።

100 ዋት ለእኔ ሚዛናዊው ቦታ ነው። ከ50ው በ3 ዴሲቤል ብቻ ቢበልጥም፣ ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ትራንስፎርመሮች ይዞ ስለሚመጣ የታችኛው ድምፅ ይጸናል። ሁለት ጥሩ ሳጥኖች ሲኖሩት አብዛኛውን ባንድ ይቋቋማል። 200 እና 300 ዋት ያስፈልጋሉ የምላቸው ከባድ ሮክ ለሚጫወቱና ጮክ እያሉም ንጹሕ ድምፅ ለሚፈልጉ ነው። ለእነሱ የሚሸከም ጓደኛም ያስፈልጋል።

ካላችሁ አምፕ ላይ የበለጠ ለማውጣት

ሳጥኑን ወለል ላይ፣ ከግድግዳ አጠገብ አድርጉት። ግድግዳና ወለል ዝቅተኛ ድምፅን መልሰው ይደግፋሉ። ጥግ ላይ ከሆነ ድጋፉ ይበልጣል፤ አንዳንድ ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ይጎለድፋልና አድምጡት። ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ የሚጮኽ ሳጥን ለእናንተ አይሰማም። ከፍተኛዎቹ ድምፆች ቀጥታ ነው የሚሄዱት። ትንሽ ወደ ላይ አዘንብሉት፣ ወይም ሁለት ሳጥን ካላችሁ አንዱን በአንዱ ላይ ጫኑ። ብዙ ሰው «አምፔ አይሰማም» ሲል ቆይቶ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ጊታሪስቱን እና ኪቦርዲስቱን ባሳቸውን እንዲቀንሱ ጠይቋቸው። ቦታውን ሲለቁላችሁ ዋት እንደጨመራችሁ ነው። ይህን ጥያቄ ማንሳት የሚከብዳቸው ቤዚስቶች ብዙ ናቸው። አይክበዳችሁ፤ የባንዱ ድምፅ በሙሉ ይጠራል።

ወደ ሚክሰር መስመር ስትሰጡ ከየት እንደሚወጣ እወቁ። ከፕሪአምፑ (ከኃይል ቲዩቦቹ በፊት ካለው የአምፑ ክፍል) የሚወጣ መስመር የኃይል ቲዩቦቹን ጉርምርምታ አይዝም። ያንን የሚፈልግ ሰው ከውጤት ትራንስፎርመሩ በኋላ የሚወጣ መስመር ይፈልግ፣ ወይም ሳጥኑ ፊት ማይክ ይትከል። ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ጨርሶ አትርሱ። ቲዩብ አምፕን ያለ ስፒከር አታጫውቱት። ትራንዚስተር አምፕ ያለ ስፒከር በመስመር ብቻ ቢሠራ ምንም አይሆንም። ቲዩቡ ግን ኃይሉ የሚሄድበት ሲያጣ በትራንስፎርመሩ ውስጥ እጅግ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ለስፒከሩም ወፍራሙን የስፒከር ገመድ ተጠቀሙ፤ የጊታር ገመድ አይሆንም።

ስለ ጆሮም ልናገር። በሥራ ቦታ ደኅንነት የሚታወቀው መመሪያ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የቀረላችሁ 15 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ የ15 ደቂቃ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። 50 ዋታችሁ ባንዱ ውስጥ አልሰማ ካለ፣ አምፕ ከመቀየራችሁ በፊት ባንዱ ራሱ ከልክ በላይ እየጮኸ እንደሆነ ጠይቁ። የጆሮ መሰኪያ አድርጋችሁ ተጫወቱ። የጠፋ የመስማት አቅም አይመለስም።

ልትገዙ ከሆነ አምፑን ሱቅ ውስጥ ብቻችሁን አትፈትኑት። ባለቤቱ ከፈቀደ ወደ ልምምድ ውሰዱት። በራሳችሁ ሳጥን፣ ከሙሉ ባንዱ ጋር፣ በጣም ከምትጮኹበት ሙዚቃ ጀምሩ። ቮልዩሙን የምትፈልጉት ያህል እስኪሰማ ክፈቱና ድምፁን አድምጡ። ጉርምርምታው ደስ ካላችሁ በቃችሁ። ዝቅተኛዎቹ ኖታዎች ልልና ጭቃ ከሆኑባችሁ አቅሙ አልቋል። ከዚያ ረጅም ገመድ ይዛችሁ ከአምፑ ራቁ፣ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወራችሁ ተጫወቱ። አንዳንድ ቦታ ቤዙ ሲገዝፍ፣ ሌላ ቦታ ሲጠፋ ታገኙታላችሁ። ይህ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ ሥራ ነው። መጀመሪያ የቆማችሁበት ቦታ ከሚጠፋባቸው አንዱ ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላችሁ ፈተናውን እንደገና ጀምሩ።

አምፑን ቀድማችሁ ገዝታችሁ አልበቃ ብሎ ከሆነ ደግሞ ለመሸጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁለተኛ ሳጥን ተውሳችሁ ሞክሩ፤ ኦሙን ማስተካከል አትርሱ። ያም ካልበቃ፣ ሳጥኑ እንደተሰካ ሆኖ ከአምፑ የሚወጣውን መስመር የራሱ ኃይል ወዳለው ስፒከር ላኩት። ቲዩቡ ድምፁን ይሠራል፣ ክፍሉን የመሙላቱን ሥራ ሌላው ይወስደዋል።